ዘጠኝ ባልዲ

ወንበሩን ደርድሬ፣ ባልዲውን ደርድሬ፣
ከመድረኩ ጥግ ቆምኩ፣ ቁልፌን ከቀበቶዬ አስሬ።
ዘጠኝ ባልዲ አለን ለዘጠኝ ቀዳዳ፤
አሥረኛዋን ጠብታ ይቻላት እንግዳ።

እዚህ ቺሎኤ ላይ፣ በዚህች ደሴታችን፣
ዝናብ አላፊ አይደል፤ ነው ጎረቤታችን፤
ሳያንኳኳ ገብቶ ይቀመጣል ቤታችን።

መምህር ሁቬናል በሳምንት ሁለት ቀን
በጀልባ ይመጣል፣
ጊታሩን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ራሱን ግን ሳይሸፍን።
መጋቢት ላይ ገዛ ሃያ ሁለት ዋሽንት፣
ፕላስቲክ፣ ነጫጭ፣ ለአራተኛ ክፍል፣ ለያንዳንዱ ልጅ አንዲት።
ትምህርት ቤቱ የከፈለ መስሏቸዋል ሁሉም፤
ደረሰኙን ከቅርጫት ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ጆሮ አላረፈም።
አንዲት ዜማ ናት፤ ያቺው፤ አትለወጥም፤
ከየመስኮቱ ሥር፣ ከየጓዳው በር
ስትድህ፣ ስትቆም፣ አራተኛው ኖታ ላይ ደርሳ ስትሰበር፣
እንደገና ከሀሁ ስትጀመር።
የናዌልኪን ውሻ ጅማሬዋን ሲሰማ
አልጋ ሥር ይገባል እስክታልቅ ያች ዜማ።
የሳልሞን ፋብሪካው የፈረቃ አለቃ፣
ለሠርግ የማይፈታ ግንባር ያለው ኤርዊን፣
በውድቅት ሲያፏጫት ሰምቶታል ጥበቃ።

ዛሬ ቀኑ ደረሰ። እናቶች ከፈረቃ ወጥተው፣
ነጭ ቦቲያቸውን በር ላይ ትተው፣
በካልሲ ተቀመጡ፤
በሎሚ ያሹትን እጅ ዓሣው ግን አልለቀቀው።
ልጆቹ ወጡ በሰልፍ፣ ፀጉራቸው በውሃ ተለጥፎ፣
የሸሚዛቸው አዝራር አንዳንዱ አንድ ቤት አልፎ።
ያስና ከፊት ናት፤ ሁለት ጥርሷ የለም፤
«ለዋሽንት ይመቻል፣» ብሏታል መምህሩ፣ «አትፈሪ፣ ግድ የለም።»

ሁቬናል እጁን አነሣ።
እጁን አነሣና፣
ቆርቆሮው ጮኸ።

በረዶ ነው። ሰማይ ከረጢቱን ገልብጦ
ጠጠሩን ዘረገፈው።
ሃያ ሁለት አፍ ይነፋል፤ ጉንጭ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፤
ጣት ቀዳዳ ይደፍናል፣ ጣት ቀዳዳ ይከፍታል፤
ድምፅ ግን የለም። አንድም።
ዘጠኙ ባልዲዎቼ ብቻ፣ ያለ ምት፣ ያለ ልክ፣
እንደ ሰካራም ከበሮ መቺ ይደልቃሉ።
እንደዚያ ምሽት ባልዲ ጠልቼ አላውቅም።
ያቆማል ብዬ መምህሩን አየሁት። አላቆመም።
አሥረኛዋ ጠብታ ያገኘችው እሱን ነው፤
በማጅራቱ ወርዳ ኮሌታው ውስጥ ስትገባ
ትከሻውን እንኳ አልሰበቀም።

ያኔ የያስና እናት
ወደፊት አዘነበለች፤ ዓይኗ ከልጇ ጣት አልተነቀለም፤
ከንፈሯ ተላወሰ።
አራት ወር በሳንቃ ግድግዳ ማዶ የሰማችውን
አሁን በዓይኗ ሰማችው።
ጎረቤቷ ተቀበለቻት፤ ከኋላ አንድ አባት፤
ከዚያ ኤርዊን፣ ጎርናና፣ እጁን አጣጥፎ፤
ረድፉ ለረድፍ እያቀበለ
አዳራሹ ዋሽንት የማይችለውን በጉሮሮ ቻለ።

በረዶውም ድንገት፣ እንደ ተዘጋ ቧንቧ፣
ቀጥ አለ።

ተሰማ ነገሩ።
ልጆቹ አልተሳሳቱም። አራተኛውን ኖታ
እንደ አነስተኛ ጉድጓድ ዘለሉት፤ ጥርት አለ፣ በቦታው አረፈ።
የተሰናከሉት ወላጆቹ ናቸው፤
መቶ ሰው፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እዚያችው ላይ ተደናቀፈ፤
እንደዚያ ነዋ የተማሩት፣
ከነስብራቷ፣ ከየጓዳው በር።

ልጆቹ ዋሽንታቸውን ከአፋቸው አወረዱ።
ያስና በጎደለው ጥርሷ በኩል ሳቀች፤
ሳቋ እንኳ ፉጨት ነበረው።
ሁቬናል ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ
ወደ እኛ ዞረ፤ ጣቱን አነሣ፤
«ከመጀመሪያው፣» አለ፣ «ቀስ ብላችሁ።»

እስከ አምስት ሰዓት ባልዲ ስደፋ አመሸሁ።
ያችን ዜማ ይዤ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
አራተኛው ባልዲ ላይ ስደርስ
እጄ ትንሽ ቆመ።